ዜማው ደስ ይላል፤ ታሪኩንስ ታውቁታላችሁ?

ወገን፣ አንድ ነገር ልናዘዝ። ሉማሜ ቡና እየጠጣሁ ስልኬ ላይ አንድ የድሮ የጣሊያን ማርሽ ሰማሁ። ዜማው ደስ ስላለኝ ደጋግሜ ከፈትኩት። የደነገጥኩት ርዕሱን ሳጣራ ነው፦ «ፋቼታ ኔራ»፣ «ጥቁሯ ፊት» እንደማለት። ጥቁሯ እኮ የእኛ አያት ናት!

ዘፈኑ የተጻፈው በ1927 ዓ.ም.፣ ሙሶሎኒ ሊወረን ሲዘጋጅ ነው። ግጥሙ የሬናቶ ሚኬሊ፣ ዜማው የማሪዮ ሩቾኔ፤ ካርሎ ቡቲ በሸክላ ዘፈነው። መልእክቱ ምን መሰላችሁ? አንቺ ባሪያ የሆንሽ የሐበሻ ልጅ፣ ጠብቂን፣ ነጻ አውጥተን ሮም እንወስድሻለን ነው።

ጉዱ ከዚህ በኋላ ነው። አገሩን ያዝን ሲሉ ፋሺስቶቹ ራሳቸው ዘፈኑን ፈሩት፤ ነጭና ጥቁር ያቀላቅልብናል አሉ። ሚያዝያ 1929 ባወጡት ሕግ፣ ከአገሬው ሴት ጋር እንደ ባልና ሚስት የኖረ ጣሊያናዊ እስከ 5 ዓመት ይታሰር ተባለ። ወታደር ለማነሳሳት ትፈለጋለች፣ ለትዳር ግን አትሆንም!

ከዚያ ሕግ አንድ ወር ቀደም ብሎ፣ የካቲት 12 ባለፈ ማግስት፣ ግራዚያኒ ሕዝብ ያነሳሳሉ ያላቸውን አዝማሪዎችና ጠንቋዮች እያስለቀመ ያስረሽን ነበር። መጋቢት ላይ ለሮም በላከው ቴሌግራም 70 መገደላቸውን ገልጿል። ስለ እኛ የእነሱ ሰው በሸክላ ይዘፍናል፣ የእኛው ዘፋኝ ይረሸናል።

ዛሬ ያ ሸክላና ሐበሻን የሚያላግጡት የዘመኑ ፖስትካርዶች ኢንተርኔት ላይ እንደ ብርቅ ዕቃ ይሸጣሉ። ይሰበር የሚለው አያሳምነኝም፤ ማስረጃ ነው። ግን «የድሮ ትዝታ» ተብሎ ሲለጠፍ ካያችሁ ምንነቱን ከስሩ ጻፉ። በጨዋ ቋንቋ፤ ስድብ ማንም አያነብም።

የእኛውስ? በነበላይ ዘለቀ ዘመን ጎጃም ላይ ከተፎከረው ስንቱ ተቀድቷል? ባለፈው አያቴን ብጠይቃቸው ሁለት ስንኝ ብለው «ቀሪውን አባቴ ነበር የሚያውቀው» አሉኝ። አንጀቴ ነው የተቆረጠው።

ከደጀን እስከ ማርቆስ ያላችሁ፣ ዛሬ ማታ ስልካችሁን ይዛችሁ ሽማግሌዎቹ አጠገብ ቁጭ በሉ። የሚሉትን ቅዱ፤ ስማቸውን፣ ቀበሌያቸውን፣ ከማን እንደሰሙት አስገቡበት።