ጆሮ ዳባ ልበስ ያለ ኤምባሲ የሚናገረው ለማን ነው?

ርዕሰ አንቀጽ

እ.ኤ.አ. በኦገስት 2020 የእንግሊዙ ሰንደይ ቴሌግራፍ ጋዜጣ ከሳዑዲ አረቢያ ማጎሪያዎች ሾልከው የወጡ ፎቶግራፎችን አትሞ ነበር። ከወገብ በላይ ራቁታቸውን፣ በሙቀት ታፍነው በመደዳ የተኮለኮሉ ወጣቶች ምስል ነው። ብዙዎቹ ኢትዮጵያውያን ነበሩ። ፎቶዎቹን የላኩት በደበቋቸው ስልኮች ራሳቸው እስረኞቹ ናቸው። ያው ጋዜጣ አስከትሎ እንደዘገበው፣ በጅዳ የኢትዮጵያ ቆንስላ ማኅተም ያረፈበትና በጁን ወር የተጻፈ ደብዳቤ፣ በማኅበራዊ መገናኛ መለጠፋቸውን ካላቆሙ ሕጋዊ እርምጃ እንደሚከተላቸው ያስጠነቅቅ ነበር።

“ድረሱልን” ብሎ ለጮኸ ዜጋ ከገዛ ቆንስላው የተላከለት መልስ “ዝም በል” የሚል ሆነ ማለት ነው።

አንድ መስሪያ ቤት ከሕዝቡ ጋር ያለው ግንኙነት በሁለት ነገር ይመዘናል። አንደኛ፣ መልእክቱ ሊደርሰው ለሚገባው ሰው በሚገባው ቋንቋና በጊዜው ይደርሳል ወይ? ሁለተኛ፣ ያ ሰው መልሶ ሲጣራ የሚሰማው ያገኛል ወይ? ዛሬ በዚህ ሚዛን ላይ የምናስቀምጠው በአረብ ሀገራት ያሉ የኢትዮጵያ ኤምባሲዎችንና ቆንስላዎችን ነው።

ለእውነት ሲባል የተሠራውን መካድ አይገባም። በ2013 የሳዑዲ መንግሥት ሕጋዊ ወረቀት የሌላቸውን የውጭ ዜጎች ማፈስ ሲጀምር፣ በጥቂት ወራት ውስጥ ከ160 ሺህ በላይ ወገኖቻችን ወደ ሀገራቸው ተመልሰዋል። ያን ያህል ሰው ማጓጓዝ ቀላል ሥራ አልነበረም። ጥያቄያችን ግን ከዚያ በፊት ስለነበሩት ወራት ነው። ሳዑዲዎቹ የምሕረት ጊዜ ያወጁት በዚያው ዓመት ኤፕሪል ላይ ነበር፤ ያበቃው በኖቬምበር 3 ነው። ሰባት ወር! ሪያድ መንፉሃ ውስጥ የወገኖቻችን ደም የፈሰሰው ሰባቱ ወር ካለፈ በኋላ ነው። በእነዚያ ወራት ማስታወቂያው ለማን ደረሰ? ማዳሟ ስልኳን ለቀማቻት፣ ከቤት እንዳትወጣ በር ለተቆለፈባት እህት ማን ነገራት? አዲስ አበባ ላይ ደግሞ በሳዑዲ ኤምባሲ ደጃፍ ቁጣውን ሊገልጽ የወጣው ሕዝብ በፖሊስ ዱላ ተበተነ።

በ2017 ምሕረቱ በድጋሚ መጣ። ዘጠና ቀን ተሰጠ፣ ተራዘመም። ሆኖም ብዙዎች አልወጡም። ዓለም አቀፉ የስደተኞች ድርጅት ከሜይ 2017 እስከ ማርች 2019 ብቻ ወደ 260 ሺህ የሚጠጉ ተመላሾችን መዝግቧል። ሰው ለምን ሳይያዝ በፊት አልወጣም? ምክንያቱ ግልጽ ነው። “ጊዜው ሳያልፍ ውጡ” የሚል ወረቀት፣ ያልተከፈለ ደመወዝ እንዴት እንደሚገኝ ካልነገረ፣ ለደላላ የተበደሩት ዕዳ ያለባቸውን ሰዎች ጥያቄ አይመልስም። ከአርሲ፣ ከጅማ፣ ከወሎና ከትግራይ ገጠር የሄደች፣ አንዳንዷም ማንበብ የማትችል ልጅ፣ በቢሮ አማርኛ የተጻፈ ማስታወቂያ ምን ያደርግላታል? መንግሥት ዝም ሲል ደላላ ይናገራል። “አትስሙ፣ ምንም አይመጣም” ያላትን ታምናለች፤ ስልክ የሚያነሳላት እሱ ብቻ ነውና።

ይህን የሚጽፈው ሰው ሀገር ቤት ሳለ የመንግሥት ጋዜጣ አዘጋጅ ነበር። ከበላይ የሚመጣ መግለጫ ጠረጴዛችን ላይ ሲያርፍ የምንጠይቀው አንድ ጥያቄ ብቻ ነበር፤ የባለሥልጣኑ ስምና ማዕረግ በትክክል ተጽፏል ወይ? “አንባቢው ይገባዋል ወይ?” ብሎ የጠየቀ ባልደረባ አላስታውስም፤ እኔም አልጠየቅሁም። መግለጫ የሚጻፈው ለአለቃ ነበር። በ2018 መሪው ተለወጠ፣ በዓመቱም ኢሕአዴግ የሚለው ስም ተለወጠ፤ የቆንስላው መስኮት ግን ዛሬም ወደ አለቃ እንጂ ወደ ወረፋው አይመለከትም።

መናገር አያውቁም እንዳንል ያውቃሉ። ከ2011 ጀምሮ ለዓባይ ግድብ ቦንድ ሲሸጥ ኤምባሲዎች ያላንኳኩት በር አልነበረም። በ2023 ወደ ሳዑዲ እስከ 500 ሺህ ሠራተኛ ለመላክ ሲታሰብም ቅስቀሳው እስከ ክፍለ ከተማና ወረዳ ወርዷል። ለመሄድ ጥሪው የደረሳት ልጅ፣ ችግር ሲገጥማት የምትደውልበት ቁጥር ለምን አይደርሳትም?

ሌሎች እንዴት አደረጉት? ፊሊፒንስ በ1995 ያወጣችው ሕግ፣ ሠራተኞቿ በብዛት በሚገኙባቸው ሀገራት ለሠራተኞች የሚሆን ማዕከል እንዲቋቋም ያዝዛል። ማዕከሉ ቅዳሜ፣ እሑድና በዓል ሳይል 24 ሰዓት ክፍት መሆን አለበት ይላል። ሕጉ የመጣው በዚያው ዓመት ሲንጋፖር ላይ አንዲት ፊሊፒናዊት የቤት ሠራተኛ በስቅላት ተቀጥታ ሕዝቡ በቁጣ ከተነሳ በኋላ ነው። መንግሥታቸው የሰማው በፈቃዱ ሳይሆን ሕዝቡ ስላልተኛለት ነው።

የእኛስ? በ2020 በሌባኖን ቀውስ ደመወዝ መክፈል ያቃታቸው አሰሪዎች እህቶቻችንን ቤይሩት ቆንስላ ደጃፍ ላይ እየጣሏቸው ሄዱ። ሻንጣቸውን ተንተርሰው አስፋልት ላይ አደሩ። በዚያ ክፉ ቀን የደረሱላቸው እንደ “እኛ ለእኛ በስደት” ያሉ፣ የቤት ሠራተኞች ራሳቸው ያቋቋሟቸው ማኅበራት ነበሩ። በኦገስት 2023 ሂዩማን ራይትስ ዎች የሳዑዲ ድንበር ጠባቂዎች በመቶዎች የሚቆጠሩ ኢትዮጵያውያንን መግደላቸውን ይፋ ሲያደርግ፣ የውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ከሳዑዲ ጋር በጋራ እንደሚመረምር ገልጾ፣ አላስፈላጊ ግምት ከመስጠት እንድንቆጠብ መከረን፤ የሁለቱን ሀገራት መልካም ግንኙነትም አስታወሰን። ልጁ የት እንደወደቀ ለማያውቅ አባት ይህ መጽናኛ ነው ወይ? የምርመራው ውጤት በይፋ ለሕዝብ ሲነገር እስከ ዛሬ አልሰማንም።

ጣታችንን ወደ ራሳችንም እናዙር። በዋሽንግተን፣ በለንደንና በፍራንክፈርት ያለን ማኅበራትና ድርጅቶች ስብሰባ የምንጠራው መዋጮ ስንፈልግ ነው። የሪያዷንና የቤይሩቷን እህት የምናስታውሰው ሰልፍ ለማድመቅ ነው። ሰልፉ ሲያበቃ ስልኳን ስንቶቻችን አንስተናል? ይህም ድረ ገጽ ከወቀሳው አያመልጥም።

ስለዚህ የምንጠይቀው ሰማይን ማውረድ አይደለም። ቀንና ሌሊት ሰው የሚያነሳው፣ በአማርኛ፣ በኦሮምኛና በትግርኛ የሚመልስ ስልክ ይኑር፤ ቁጥሩም ልጅቷ ቦሌ ከመድረሷ በፊት በቃሏ እንድትይዘው ይደረግ። ማስታወቂያ በወረቀት ብቻ ሳይሆን በድምፅ ተቀድቶ፣ ሠራተኞቹ በሚጠቀሙባቸው ኢሞና ዋትስአፕ ይሰራጭ። የቆንስላ ሠራተኞች ወረፋ ከመጠበቅ ይልቅ አርብ አርብ ወገኖቻችን ወደሚሰበሰቡበት ሰፈር ይውረዱ። በየወሩ ስንት አቤቱታ እንደመጣ፣ ስንቱ እንደተፈታ፣ ስንት አስከሬን እንደተሸኘ ለሕዝብ ይነገር። ከሁሉ በፊት ደግሞ የተበደለን ዜጋ “አትናገር” ማለት ይቁም።

“ዝም አይነቅዝም” ይባላል። ይነቅዛል እንጂ! ዝምታው ስንት ቤተሰብ ውስጥ ገብቶ እንደነቀዘ፣ አረብ ሀገር ልጇን ልካ ስልክ የምትጠብቅ እናት ትንገራችሁ።

ጆሮ ያለው ይስማ።