ባቄላው ከጠርሙስ ወደ ማሳ ይውጣ

ሕፃናት የዕፅዋትን የሕይወት ዑደት እንዲረዱ በክፍል ውስጥ ባቄላ ማብቀል በብዙ አገሮች የተለመደ የማስተማሪያ ዘዴ ነው። ጥቂት ፍሬ በእርጥብ ጥጥ ላይ ይቀመጣል፤ ቆዳው ይለሰልሳል፤ ሥሩ ይወጣል፤ ቡቃያው ይከተላል። ዘዴው ወጪ የማይጠይቅና ለዓይን ግልጽ መሆኑ አይካድም። ሆኖም ቡቃያው ጥቂት ቅጠል እንዳወጣ ጠርሙሱ ይደፋል፤ ትምህርቱም በዚያው ያበቃል። ዑደት የሚባለው ዘር ወደ ዘር ሲመለስ በመሆኑ፣ አበባውን፣ እሸቱንና አዲሱን ዘር ያላየ ተማሪ የተማረው ግማሹን ብቻ ነው።

በአዲስ አበባ ደቡብ፣ በንፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ የምትገኘው ሀና ማርያም ለዚህ ምሳሌ ልትሆን ትችላለች። ከተማው ሳይደርስባት የእርሻ አገር ነበረች፤ ዛሬ ማሳው በአብዛኛው በመኖሪያ ቤትና በመንገድ ተይዟል። እዚያ የሚያድግ ሕፃን ባቄላን የሚያውቀው በገበያ ጆንያና በማዕድ ላይ ነው። ጠርሙሱ ያላሳየውን ግማሽ የሚያሳይ የአባት እርሻ የለውም። ከተማ እየቀረባቸው ያሉ የገበሬ ማኅበራት መሪዎችም ነገ በልጆቻቸው ላይ የሚደርሰው ይኸው መሆኑን ሊገነዘቡት ይገባል።

እንቅፋቱ ከመምህሩ ስንፍና የመጣ አይደለም። ባቄላ በደጋው በአብዛኛው የሚዘራው በሰኔ ሲሆን፣ ትምህርት ቤት የሚዘጋውም በዚያው ወቅት ነው። በመስከረም ተማሪው ሲመለስ ባቄላው በማሳ ላይ አብቦ ይጠብቀዋል። እንግዲያው ትምህርቱ ከዘር ሳይሆን ከአበባ ቢጀምር ይሻላል። እንደ አካባቢው ጥቂት ወዲህና ወዲያ ቢልም፣ በመስከረም አበባውንና ንቡን፣ በጥቅምት እሸቱን፣ በኅዳርና በታኅሣሥ አጨዳውንና ውቂያውን ማየት ይቻላል። ከዚያው ምርት የተመረጠው ዘር በክፍል ውስጥ ይበቅላል፤ ትምህርት ቤቱ ሳይዘጋም በመደብ ላይ ይዘራል።

ለዚህ ከውጭ የሚመጣ መሣሪያ አያስፈልግም። ጉንቁል የምትቀቅልና ለጠላ ብቅል የምታበቅል እናት ዘር በውሃ እንዴት እንደሚነቃ አሳምራ ታውቃለች። ክክ የሚያውቅ ልጅም የባቄላን ሁለት ገጾች ያውቃል፤ እነዚህ ቡቃያው ራሱን እስኪችል ድረስ የሚመገባቸው ስንቆች ናቸው። ባቄላና ቦሎቄ ጎን ለጎን ቢበቅሉ ደግሞ ልዩነቱ ይታያል። ቦሎቄ ገጾቹን ከአፈር በላይ ይዞ ሲወጣ፣ ባቄላ በአፈር ውስጥ ይተዋቸዋል። በመጽሐፍ የተሣለው ቦሎቄ ከሆነ፣ ልጁ የራሱ ባቄላ የተበላሸ ሊመስለው ይችላል።

ጥቅሙ ለተማሪው ብቻ አይደለም። በግንቦት ተማሪዎች ለመዝሪያ ከተቀመጠው ባቄላ 100 ፍሬ ሳይመርጡ ወስደው በእርጥብ ጨርቅ ቢያበቅሉ፣ ነቀዝ የጎዳው ወይም እርጥበት ያበላሸው ዘር ቀድሞ ይታወቃል። የበቀለው 60 ብቻ ከሆነ ከእያንዳንዱ ኩንታል 40 ኪሎ ያህሉ በከንቱ ሊቀበር ነው ማለት ነው። በአበባ ጊዜ ሥሩን በጥንቃቄ ነቅሎ የሚመረምር ተማሪም ትናንሽ እብጠቶች ያገኛል። ሲከፈቱ ውስጣቸው ቀላ ያለ ከሆነ፣ ባክቴሪያዎቹ ናይትሮጅንን ከአየር እየወሰዱ ለተክሉ በመስጠት ላይ ናቸው። በባቄላ ማሳ ላይ በማግሥቱ ዓመት የሚዘራው ስንዴ የሚያምርበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው። በባቄላ ምርት ከቻይና ቀጥሎ ስሟ ለሚጠራው ኢትዮጵያ፣ ዩሪያ በውድ ዋጋ ለሚገዛው ገበሬም ይህ ቀላል ዕውቀት አይደለም።

“ልጄን የላክሁት ከሞፈር እንዲገላገል ነው” የሚል ወላጅ መኖሩ አይቀርም። አባባሉ ፍጹም መሠረት የለውም አይባልም። የተማሪ ጉልበት ለነጻ ሥራ የሚውልበት የትምህርት ቤት እርሻ ትምህርት ሊባል አይችልም። ስለዚህ ዓላማው ማስተዋል እንጂ ምርት መሰብሰብ መሆን የለበትም፤ አንድ መደብ በቂ ነው። መሐንዲስም ሆነ ሐኪም የሚሆነው ልጅ በዓይኑ አይቶ መቁጠርንና መመዝገብን ከዚያ መደብ ይማራል።

በ1967 ዓ.ም. የወጣው የገጠር መሬት አዋጅ የገበሬ ማኅበራትን ሲያቋቁም፣ ከመንግሥት ጋር በመተባበር ትምህርት ቤት መሥራትን ከተግባራቸው አንዱ አድርጎት ነበር። ከዚያ ወዲህ የማኅበራቱ መልክ ቢለወጥም፣ ትምህርት ቤቱ የአካባቢው ገበሬ ጉዳይ መሆኑ አልተለወጠም። አሁን የሚጠየቀው ከግንባታ ያነሰ ነው፦ በትምህርት ቤቱ አጠገብ አንድ መደብ፣ ጥቂት ጣሳ ንጹሕ ዘር፣ እንዲሁም በዓመት አራት ጊዜ ከልጆቹ ጋር ማሳ የሚወርድ አንድ አዋቂ ገበሬ። መሪዎች ይህን በመጪው ስብሰባቸው አጀንዳ አድርገው ከርዕሰ መምህሩ ጋር ሊመክሩበት ይገባል። እንደ ሀና ማርያም ማሳው ባለቀበት ስፍራም የግቢው ጥግና ቀድሞ ያርሱ የነበሩ አባቶች ዕውቀት አሉ። አባቶቹ ሳያልፉ ልጆቹ ሊማሩላቸው ይገባል።