ከመሬት በታች የቀረ ሰው ድምፅ እንዴት ይሰማል?

እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 2 ቀን 2006 በአሜሪካ ዌስት ቨርጂኒያ፣ ሳጎ በተባለው የድንጋይ ከሰል ማዕድን ውስጥ ፍንዳታ ደረሰ። አንድ ሠራተኛ ወዲያው ሲሞት 12 ጓደኞቹ መውጫ አጥተው መርዛማውን አየር በሸራ ጋርደው ተጠለሉ። የስልኩን መስመር ፍንዳታው ከጥቅም ውጭ አድርጎታል። በመዶሻ የጣሪያውን ብረት እየደጋገሙ ቢመቱም ከላይ የሰማቸው አልነበረም። ከ41 ሰዓት ገደማ በኋላ ሲደረስላቸው በሕይወት የተገኘው አንድ ሰው ብቻ ነበር።

ከዚያ በፊት፣ በ2002፣ በፔንሲልቬኒያ ኪውክሪክ ማዕድን ውኃ ገብቶ 9 ሠራተኞች ተይዘው ነበር። እነዚህ ግን ከላይ የተቆፈረላቸውን የብረት ቱቦ በመምታት መኖራቸውን አስታወቁ፤ ዘጠኙም ወጡ። በሁለቱ አደጋዎች መካከል ያለው አንዱ ትልቅ ልዩነት መሰማትና አለመሰማት ነው ቢባል ስሕተት አይሆንም።

ታዲያ ሬዲዮ እያለ ለምን አልተነጋገሩም? ተብሎ ይጠየቅ ይሆናል። መልሱ ያለው አፈሩና ዓለቱ ላይ ነው። በየቤታችን ያለው ሬዲዮ የሚቀበለው ሞገድ ፈጣን ንዝረት ያለው በመሆኑ አየሩን አቋርጦ ሩቅ ቢደርስም መሬት ውስጥ ሲገባ ወዲያው ይዋጣል። መሬቱ እርጥብ ከሆነ ደግሞ ይብሳል። ንዝረቱ እጅግ ዝቅ ያለ ሞገድ ግን በመቶ የሚቆጠር ሜትር ዓለት ሊያልፍ ይችላል። የነጋሪት ወፍራም ድምፅ ጋራ ተሻግሮ ሲሰማ የክራር ቀጭን ድምፅ ከግድግዳ አያልፍም፤ ነገሩ በትክክል አንድ ባይሆንም ለመረዳት ያግዛል።

ሆኖም ዋጋ ያስከፍላል። ዝቅተኛ ሞገድ የሚሸከመው መልእክት ጥቂት ስለሆነ ንግግር ማስተላለፍ ያስቸግራል፤ አጭር ጽሑፍ ይቀለዋል። ማሠራጫው በመሬት ላይ በሰፊው የሚዘረጋ የሽቦ ቀለበት ይፈልጋል። ከታች ወደ ላይ መላክ ደግሞ የባሰ ነው፤ በከሰል ማዕድን ውስጥ ተቀጣጣይ ጋዝ ስላለ ብልጭታ የሚያስነሳ ኃይለኛ መሣሪያ ማስገባት አይፈቀድም። በዚህ ምክንያት ቀድሞ ሥራ ላይ የዋለው የአውስትራሊያ መሣሪያ መልእክት የሚልከው ከላይ ወደ ታች ብቻ ነበር። ያም ቢሆን በ1998 በዩታ ዊሎው ክሪክ ማዕድን እሳት ሲነሣ ሠራተኞቹ በቶሎ እንዲወጡ አስጠንቅቋል።

ከሳጎ በኋላ፣ በዚያው በ2006፣ የአሜሪካ መንግሥት ባወጣው ሕግ ማዕድን ቤቶች በሦስት ዓመት ውስጥ ያለ ሽቦ ሁለት ወገን የሚያነጋግር ዘዴ እንዲያዘጋጁ አዘዘ። ጊዜው ሲደርስ ግን ሙሉ በሙሉ ያለ ሽቦ የሚሠራ መሣሪያ ስላልተገኘ በከፊል በኬብል የሚረዳ ሬዲዮ ተፈቀደ። ኬብል ደግሞ ፍንዳታና ናዳ ሊበጥሰው ይችላል። በእኔ ግምት ዋናው እንቅፋት የዕውቀት ማነስ ብቻ አይደለም፤ ገዢው ጥቂት የሆነ ዕቃ ለመሥራት የሚሽቀዳደም ፋብሪካ የለም።

በአገራችን ከሰል በአብዛኛው የሚወጣው አፈሩ ከላይ እየተገፈፈ ስለሆነ ጉዳዩ የራቀ ይመስላል። ነገር ግን በ2016 ዓ.ም. በደቡብ ወሎ ደላንታ ኦፓል የሚቆፍሩ ወጣቶች ናዳ መግቢያውን ዘግቶባቸው ውስጥ ቀርተዋል። እንዲህ ያለ ቁፋሮ ባለበት ቀበሌ መሣሪያው እስኪመጣ መጠበቅ አያሻም። ማን እንደገባና መቼ እንደገባ በመዝገብ ይጻፍ፣ አንድ ሰው ዘወትር ከደጅ ይቁም፣ ስንት ምት «አለን» እንደሚያሰኝም ከመግባት በፊት ይወሰን።