ዐፄ ምኒልክ በየትኛው ኩባንያ ሥር ናቸው?

ሐረርን ከሐኪም ጋራ ሆኖ ቁልቁል ያየ ሰው፣ ወታደር ባይሆንም እንኳ ትንሽ እንደ ወታደር ማሰቡ አይቀርም። የጀጎልን ግንብ፣ በውስጡ ተጠጋግተው የተሠሩትን ቤቶችና መስጊዶች፣ ወደ በሮቹ የሚወስዱትን መንገዶች በአንድ ዕይታ ይሰበስባል። ጋራውን የያዘ ከተማዋን ያያል።

የኮምፒዩተር ጌም የሚጫወቱ ወጣቶቻችን ይህን ሐሳብ በሌላ በኩል ያውቁታል። «ሲቪላይዜሽን 6» በተባለው ዝነኛ የስትራቴጂ ጌም ኢትዮጵያን የመረጠ ሰው የሚጫወተው ዐፄ ምኒልክን ሆኖ ነው። ከተማ ይቆረቁራል፣ ጦር ያሰለፋል፣ ከጎረቤት ይዋዋላል። ጌሙ ለምኒልክ የሰጣቸው ልዩ ብልጫ ታዲያ ከኮረብታ ጋር የተያያዘ ነው። ሠራዊታቸው ኮረብታ ላይ ሲሆን የውጊያ ኃይሉ ይጨምራል፤ በኮረብታ ላይ የተቆረቆሩ ከተሞቻቸውም በሳይንስና በባህል ይጠቀማሉ። አድዋን ላሰበ ሰው ይህ ደስ ይላል። ሐኪም ጋራ ላይ ቆሞ ጨለንቆን ላሰበ ግን ስሜቱ ሌላ ነው። ምኒልክ ገና የሸዋ ንጉሥ ሳሉ፣ እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 1887፣ አሚር አብዱላሂን ድል አድርገው ሐረርን የያዙት በጨለንቆው ጦርነት ነበር።

የዚህ የጌሙ «ምኒልክ» ባለቤት ማነው? ጥያቄው ቀልድ ሊመስል ይችላል፤ ነገር ግን አይደለም። ኤሌክትሮኒክ አርትስ የተባለው የአሜሪካ የጌም ኩባንያ በ55 ቢሊዮን ዶላር ለመሸጥ መስማማቱን እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 2025 ይፋ ካደረገ ወዲህ፣ በዓለም ዙሪያ ያሉ የጌም አፍቃሪዎች ሥራቸው መገመት ሆኗል። ገዢዎቹ የሳዑዲ ዓረቢያ መንግሥት የኢንቨስትመንት ፈንድ፣ ሲልቨር ሌክ እና የጃሬድ ኩሽነር አፊኒቲ ፓርትነርስ ናቸው። ከዋጋው 20 ቢሊዮን ዶላሩ በብድር የሚሸፈን ነው። ግምቱን ያጋጋለው ይህ ብድር ነው። ዕዳ ያለበት ሰው ሳጥኑን ፈትሾ የማይጠቀምበትን ዕቃ ይሸጣል፤ ኤሌክትሮኒክ አርትስም በሳጥኑ ውስጥ ለረጅም ጊዜ ያስቀመጠው «ኮማንድ ኤንድ ኮንከር» የተባለ የስትራቴጂ ጌም ቤተሰብ አለው። ለኮምፒዩተር የተሠራ አዲስ ዋና ክፍል እ.ኤ.አ. ከ2010 ወዲህ አልወጣለትም። አንዳንዱ «ይሸጥና ይገላገል፤ የሚወደው ሰው ይግዛው» ይላል። ሌላው አዲሱ ባለቤት ጨርሶ እንዳይቀብረው ይሰጋል።

ሥጋቱ ከመሬት የተነሣ አይደለም። «ኮማንድ ኤንድ ኮንከር»ን የፈጠረው ዌስትውድ የተባለ ድርጅት ነበር። ኤሌክትሮኒክ አርትስ እ.ኤ.አ. በ1998 በ122.5 ሚሊዮን ዶላር ገዛው፤ በ2003 ዘጋው። «ኤጅ ኦፍ ኢምፓየርስ»ን የሠራው ኢንሴምብልም ዕጣው ተመሳሳይ ነበር፤ ማይክሮሶፍት በ2001 ገዝቶ በ2009 ዘግቶታል።

የ«ሲቪላይዜሽን» ታሪክ ግን ይህን ቀላል ድምዳሜ ያፈርሳል። ቴክ-ቱ የተባለው ኩባንያ የጌሙን መብት እ.ኤ.አ. በ2004 ከኢንፎግራምስ በ22.3 ሚሊዮን ዶላር ገዛ። ዛሬ አዲስ አበባ ውስጥ የአንድ ፎቅ ዋጋ ቢባል የሚገርመው ላይኖር ይችላል። ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ በ2007፣ ዐፄ ኃይለ ሥላሴ በ2012፣ ዐፄ ምኒልክ በ2020 ወደ ጌሙ የገቡት ከዚህ ሽያጭ በኋላ ነው። በ2025 የወጣው ሰባተኛው ክፍል ደግሞ አክሱምን ይዞ መጥቷል። እንግዲህ የባለቤት መለወጥ ለእኛ ጉዳት ነበር ለማለት ያስቸግራል።

ጉዳቱ ያለው ሌላ ቦታ ነው፤ ማን ተመረጠ፣ እንዴትስ ተሣለ የሚለው ላይ። ሦስቱም ነገሥታት ከደጋው የክርስቲያን መንግሥት ናቸው። በ2007ቱ ጌም የዘርዐ ያዕቆብ ልዩ ጦር «የኦሮሞ ተዋጊ» ይባላል፤ ያውም ባለ ነፍጥ! ዘርዐ ያዕቆብ የነገሡት እ.ኤ.አ. ከ1434 እስከ 1468 ሲሆን፣ ታላቁ የኦሮሞ እንቅስቃሴ የ16ኛው ክፍለ ዘመን ታሪክ ነው። የታሪክ መምህር ቢያርመው ቀይ እስክሪብቶው ያልቅበት ነበር። በምኒልኩ ጌም ደግሞ ልዩው ጦር «የኦሮሞ ፈረሰኛ» ነው። ምኒልክን ከኦሮሞ ፈረሰኛ ጋር በአንድ ሰንደቅ ሥር ማሰለፍ ለአሜሪካዊ ተጫዋች የጨዋታ ሕግ ብቻ ነው። አድዋ ላይ የተሰለፉትን የኦሮሞ ፈረሰኞች የሚያስታውስ ሰው እውነት አለበት ይላል፤ ጨለንቆን የሚያስታውስ ደግሞ ግማሹ ተቆርጧል ይላል። እኛ ገና ያልጨረስነው ክርክር ነው።

የወጣበትን ጊዜ ልብ በሉ። ድምፃዊ ሃጫሉ ሁንዴሳ ሰኔ 22 ቀን 2012 ዓ.ም. ተገደለ። ወዲያው በተከተለው ሁከት ሐረር ላይ የራስ መኮንን ሐውልት ተገንድሶ ወደቀ፤ መኮንን ምኒልክ ሐረርን ከያዙ በኋላ በከተማዋ ላይ የሾሟቸው ሰው ናቸው። ሐምሌ 16 ቀን፣ አንድ ወር እንኳ ሳይሞላ፣ ምኒልክን የያዘው የጌሙ ክፍል በዓለም ገበያ ለሽያጭ ቀረበ። ሠሪዎቹ ሥራቸውን የጀመሩት ሁከቱ ከመነሣቱ በፊት ነውና መገጣጠሙ የአጋጣሚ ነው፤ ማንም ሆን ብሎ አላደረገውም። ሆኖም ሐረር ላይ ሰው ሕይወቱን እስከ ማጣት የደረሰበት ጥያቄ፣ በሌላ አገር ስብሰባ ላይ በኮረብታ ብልጫ ተተምኖ አልቋል። ኩባንያው ማንን እንዳማከረ ለእኛ የማስረዳት ግዴታ የለበትም። ነገ መብቱን የሚገዛውም አይኖርበትም።

ከአዳል ወገን ሆኖ መጫወት የሚሻ ሰው የፓራዶክስ ኩባንያ ወደሠራው «ዩሮፓ ዩኒቨርሳሊስ 4» መሄድ ይችላል። ጨዋታው በ1444 ሲጀምር ሁለቱም፣ ኢትዮጵያም አዳልም፣ በካርታው ላይ አሉ፤ ማንን እንደሚሆን የሚመርጠው ተጫዋቹ ነው። በዚህ ጸሐፊ አስተያየት ይህ የሚሻል መንገድ ነው፤ ምንም እንኳ ጨዋታውን ለመልመድ የአንድ ሴሚስተር ትምህርት ያህል ቢወስድም።

የአፍቃሪዎቹ ግምት የሚዘነጋው አንድ ነገር አለ። ኢንሴምብል ከተዘጋ በኋላ «ኤጅ ኦፍ ኢምፓየርስ 2»ን ያነሣው ባለቤቱ ማይክሮሶፍት ብቻውን አልነበረም። የጌሙ አፍቃሪዎች ተሰባስበው በራሳቸው ጊዜ፣ ያለ ደመወዝ፣ አዲስ ክፍል ሠርተው በ2012 አወጡ። ሥራቸው ስለወደደ ማይክሮሶፍት ሕጋዊ ሠሪ አደረጋቸው፤ ፎርጎትን ኢምፓየርስ የሚባለው ድርጅት ከዚያ የወጣ ነው። ኢትዮጵያ በባለ ሾተል ተዋጊዎቿ ወደዚያ ጌም የገባችው በ2015 በእነርሱ እጅ ነው። ጀግናዋን ዮዲትን ማድረጋቸው ደግሞ ለሌላ ቀን የሚሆን ሙግት ነው።

ኤሌክትሮኒክ አርትስም ከሽያጩ ስምምነት ወራት በፊት፣ በፌብሩዋሪ 2025፣ የበርካታ የ«ኮማንድ ኤንድ ኮንከር» ጌሞችን የፕሮግራም ጽሑፍ ማንም እንዲጠቀምበት በነፃ ፈቃድ ለቆታል። ፈቃዱ የተሰጠው ለማንኛውም ሰው ነው፤ ሪያድ ያለው አዲስ ባለቤት ከእንግዲህ ያንን ቅጂ መልሶ መሰብሰብ አይችልም። ስሙና ሥዕሎቹ የኩባንያው ሆነው ይቀራሉ፤ ሞተሩ ግን በአደባባይ ነው። በላዩ ላይ የጀጎልን ግንብ፣ ጨለንቆን፣ ሐኪም ጋራንም መሥራት የሚፈልግ የሐረር ልጅ የማንንም ፊርማ አይጠብቅም። የሚያስፈልገው ጥሩ ኮምፒዩተር፣ የማይቋረጥ መብራት፣ አጠገቡም የአሚሮቹን ዘመን አንብቦ «ይህ እንዲህ አልነበረም» የሚለው አንድ ሰው ነው።