የዓርብ ድርብ

እናቴ እስራኤል ውስጥ ሮቫ ዳሌት በሚባል ሰፈር አራተኛ ፎቅ ላይ ዓርብ ዓርብ የሰንበት ዳቦ ስትደፋ ሁልጊዜ አንድ ትርፍ ሙልሙል ትጨምራለች፤ እሱም ከታች ላለችው ሩሲያዊት መበለት ነው። ጡረታዋ ከኪራይ አያልፍም። እናቴን ብንቆጣትም «እግዜር ያውቃል» ትላለች።

ይህን በእግዜር መታመን ስንፍና የሚሉት ጎንደርን አያውቁም። እዚያ የእናቴ ወገኖች ቤተ እስራኤል ርስት ተነፍገው፣ ብረት ቀጥቅጠው፣ ሸክላ ሠርተው፣ የሰው መሬት በጢሰኝነት አርሰው ኖሩ እንጂ እጃቸውን አጣጥፈው አልጠበቁም። መናውስ ቢሆን ዓርብ ድርብ ሆኖ ሲወርድ የሚለቅመው ሰው አልነበረም?

ደግሞም ኦሪት ዘሌዋውያን 19 የእርሻውን ዳር ለድሃና ለመጻተኛ እንዲተው ያዘዘው ባለእርሻውን ነው። በእግዜር መታመን የእናቴ ድርሻ ነው፤ የድሃውን አደራ አድርሱ የተባሉት ግን ባለጸጋውና ሹሙ ናቸው። የኪራይ ድጎማ ለመጠየቅ የሄደን ሽማግሌ «እግዜር ይስጥልኝ» ብሎ መሸኘት ለእነሱ አልተፈቀደም።