ከአዘጋጁ፦ ሆድን መሬት አስነክቶ

ስለ ስምጥ ሸለቆ ፎቶግራፍ ሲነሣ የሁሉም ሰው ሐሳብ ሩቅ ይሄዳል፤ ሻላ ከኮረብታ ላይ፣ ፈንታሌ ከመኪና መስኮት፣ ቆቃ ጀንበር ስትጠልቅ። እኛም ስናወጣ የኖርነው ይህንኑ ነው። በዚህ እትም ግን ዐይናችንን መሬት ላይ ጣልን።

ሰበቡ አንዲት ጉንዳን ናት። ከአዳማ ወደ ሶደሬ በሚወስደው መንገድ ዳር፣ የግራር እሾህ ላይ ስትወጣ ላነሣት ሆዴን መሬት አስነክቼ ግማሽ ማለዳ ፈጀሁ። በማክሮ ሌንስ ያን ያህል ሲቀርቡ ጥርት ብሎ የሚታየው ከአንድ ሚሊ ሜትር ብዙም አይዘልም፤ ትንፋሽ እንኳ ያበላሸዋል። የአዳማ ነፋስ ደግሞ ልመና አያውቅም፤ 51 ሜጋ ዋት የሚያመነጩት የመጀመሪያዎቹ ተርባይኖች እዚህ የተተከሉት በከንቱ አይደለም! አርባ ጊዜ አንሥቼ ሠላሳ ዘጠኙን ጣልኩ። በቀረችው፣ እሾሁ ሥሩ ላይ የዝሆን ጥርስ ይመስላል፤ ጫፉ እንደ ቡና ጠቁሯል።

ከቢሾፍቱ የአረንጓዴ ሐይቅን አንዲት ጠብታ በማይክሮስኮፕ አንሥተናል። ውሃውን አረንጓዴ የሚያደርገው ስፓይሩሊና እንደ ሽቦ ጥቅልል ተጠማዝዞ ይታያል፤ ፍላሚንጎን ሮዝ የሚያደርገውም ይኸው ምግቧ ነው። የባልጩት ስባሪም አለ፤ ስሙን የተሸከመችው ባልጪት ከመልካ ቁንጡሬ ጋር በ2024 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ የተመዘገበች ናት። ስባሪው ጥቁር ነው ትላላችሁ፤ ስስ ጠርዙን ፀሐይ ላይ ብትይዙት ግን ብርሃን ያሳልፋል።

ለጀማሪ የስልክ ካሜራና ትዕግሥት ይበቃል። ሽፋኑ ላይ የጉንዳኗ የኋላ እግር ደብዝዟል፤ ጥፋቱ የኔ ነው፣ አስነጠሰኝ።