የጦር ስልት ጨዋታ በመልኩ ብቻ አይመዘን

በመኝታ ቤቶቻችን የቪዲዮ ጨዋታ ክርክር በተነሣ ቁጥር ፍርዱ የሚሰጠው በሥዕሉ ነው። «ግራፊክሱ አሪፍ ነው» ከተባለ ጨዋታው ተደነቀ፤ «ሥዕሉ አርጅቷል» ከተባለ ደግሞ አለቀለት። እኔ በበኩሌ ይህ መለኪያ ተራ ሳይጠበቅ ለሚካሄደው የጦር ስልት ጨዋታ አይሠራም ባይ ነኝ።

ምክንያቱም ግልጽ ነው። በዚህ ዓይነት ጨዋታ ባላጋራ አይጠብቅም። ሀብት መሰብሰብ፣ መገንባት፣ ሠራዊት ማዝመት፣ ሁሉም በአንድ ጊዜ ነው። ስለሆነም የሥዕሉ ተቀዳሚ ተግባር ማሳየት እንጂ ማማር አይደለም። የትኛው ወታደር የኔ ነው? የመጣብኝ ቀስተኛ ነው ወይስ ፈረሰኛ? ዓይን ይህን ቶሎ ካልለየ ጭሱና ነበልባሉ ምን ይረባል?

እ.ኤ.አ. በ1997 የወጣው ቶታል አናይሌሽን ተዋጊዎቹን በሦስት አውታር አሳይቶ ነበር። በ1998 የመጣው ስታርክራፍት ግን ሥዕሉ ጠፍጣፋ ነበር። ታዲያ በደቡብ ኮሪያ ለዓመታት በቴሌቪዥን ውድድር የታየው ስታርክራፍት ነው። ሦስቱ ወገኖቹ በአሠራር አይመሳሰሉም፤ ቢሆንም ይመጣጠናሉ። በ2017 ሥዕሉ እንደ አዲስ ሲሠራ የጨዋታው ሕግ አልተነካም። እንዲያውም ተጫዋቹ በአንድ ቁልፍ ወደ አሮጌው ሥዕል መመለስ ይችላል።

ሥዕል ዋጋ የለውም ማለቴ ግን አይደለም። በ1999 የወጣው ሆምወርልድ ጦርነቱን ወደ ጠፈር ሲወስድ ጠላት ከላይም ከታችም የሚመጣ ሆነ። እዚህ ላይ ሦስተኛው አውታር ጌጥ አይደለም፤ የተጫዋቹን አሳብ ለውጧል። ፈጠራ ማለት እኮ ይኸው ነው!

ከኛም ጋር የሚገናኝ ምሳሌ አለ። በኤጅ ኦቭ ኢምፓየርስ ሁለተኛው ጨዋታ ውስጥ ኢትዮጵያውያን በ2015 ገብተዋል፤ ወታደሮቹም የሚመልሱት በአማርኛ ነው። መስማቱ ደስ ይላል። ነገር ግን ልብስና ቋንቋ ብቻ ቢሆን ኖሮ ፈጠራ አልለውም ነበር። ባለሾተሉ ወታደር ቶሎ ይሠለጥናል፣ ብርቱ ይመታል፣ ቶሎም ይሞታል። ስለዚህ በሱ የሚዋጋ ሰው ስልቱን ለመለወጥ ይገደዳል።

እንግዲህ ሁለት ጥያቄ ይበቃናል። ሥዕሉ ለማየት ይረዳል ወይ? አዲስ የተባለው ነገርስ የተጫዋቹን ውሳኔ ይለውጣል ወይ?

ነገሩ ከጨዋታም ያልፋል። ነገ የተማሪ ደብተር የምናርም እኛ ነን። አንዱ ልጅ በቀለም ያሸበረቀ ካርታ ያመጣል፤ ዓባይ ግን ወደ ደቡብ ይፈስበታል። ሌላው በእርሳስ ጫጭሮ ወንዙን በትክክል ያስቀምጣል። በመልክ መፍረድ ከለመድን ማንን ልንጎዳ እንደምንችል አስቡት።

የተለየ አስተያየት ያለው ቢኖር እዚሁ ጎን መልሱን ይለጥፍ፤ እንከራከር።

ከአንድ ዕጩ መምህር